የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ዕድሜያቸው ባልገፋ ሕሙማን ላይ የሚከሽፈው ለምንድን ነው?

የቀኝ ጉልበት (ውይይቱን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 49 ነው። ቀኝ ጉልበቴ ላይ ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያው ልም አጥንት እያለቀ የሚሄድበት ሕመም) መኖሩ ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል። በወጣትነቴ ኳስ ስጫወት የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶብኝ በቀዶ ሕክምና ተተክቶልኛል፤ በኋላም ከሜኒስከሱ (በጉልበት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ከሚያገለግለው ልም አጥንት) የተቀደደው ክፍል ተቆርጦ ወጥቷል። አሁን ደረጃ መውረድ ያስጨንቀኛል፤ ሌሊትም ሕመሙ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። አንድ የአጥንት ሐኪም መገጣጠሚያውን አሁኑኑ መቀየር እንደሚቻል ነገሩኝ፤ ሌላ ሐኪም ደግሞ «በእርስዎ ዕድሜ ከተቀየረ ቶሎ ይከሽፋል፤ ስልሳን እስኪሻገሩ ይታገሡ» አሉኝ። እንዴትና ለምን እንደሚከሽፍ ግን አልተብራራልኝም። ፕላስቲኩ ያልቃል? ከአጥንቱ ይላቀቃል? ይመረቅዛል? ደግሞስ ምክንያቱ ዕድሜዬ ነው ወይስ ጉልበቴ ያለፈበት ታሪክ? ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ነባር አባል

መልሱ ያን ያህል የተወሳሰበ አይመስለኝም። ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ብረትና ፕላስቲክ ነው፤ እንደ መኪና ጎማ በተሄደበት መጠን ያልቃል። የሰባ አምስት ዓመት ሰው ብዙም አይራመድም፤ የቀረው ዕድሜም አጭር ስለሆነ መገጣጠሚያው ሰውየውን ይሸኛል። እርስዎ ግን ገና ሠላሳና አርባ ዓመት ይራመዱበታል። ሐኪሙ «ይታገሡ» ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

አጥንት ሐኪም

የጎማውን ምሳሌ እኛም ሐኪሞች ለሕሙማን ስንናገረው ኖረናል፤ ከፊል እውነትም አለበት። ነገር ግን ዛሬ ከስልሳ ዓመት በታች ያሉ ሰዎች ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚመለሱበትን ምክንያት አያስረዳም። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት እንዳሳየው፣ ከስልሳ ዓመታቸው በፊት ጉልበታቸው ተቀይሮ በኋላ ዳግም ቅየራ ካስፈለጋቸው ሰዎች መካከል ግማሾቹ የተመለሱት በ4.4 ዓመት ውስጥ ነው። የዘመኑ ፕላስቲክ ደግሞ በአራት ዓመት አያልቅም። ስለዚህ ሌላ ነገር መፈለግ አለብን።

ማለቅ ዋናው ችግር የነበረበት ዘመን ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጭኑና በቅልጥሙ ብረት መካከል የሚገባው ፖሊኢትሊን የተባለ ፕላስቲክ ከጀርም የሚጸዳው አየር ባለበት በጋማ ጨረር ነበር። በዚህ መንገድ የተጸዳ ፕላስቲክ ገና በመደርደሪያ ላይ ሳለ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይሰባበር ነበር፤ ጉልበት ውስጥ ሲገባም ቶሎ ይቆራረሳል። በ2002 ከአንድ የአሜሪካ ማዕከል የወጣ ጥናት ከዳግም ቅየራዎች አንድ አራተኛ የሚሆኑት ከፕላስቲክ ማለቅ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን መዝግቦ ነበር። ያው የጥናት ቡድን በ2014 ሲመለስበት የማለቅ ድርሻ ከ4 በመቶ በታች ወርዶ፣ መላላት (ብረቱ ከአጥንቱ መላቀቁ) ወደ 40 በመቶ፣ ኢንፌክሽን ደግሞ ወደ 27 በመቶ ደርሰው ተገኙ። የማምከኛው ዘዴ ተቀየረ፣ ፕላስቲኩ ተሻሻለ፣ የክሽፈቱም መልክ ተለወጠ፤ ለሕሙማን የምንነግረው ማብራሪያ ግን በቦታው ቀረ።

ታዲያ ወጣቱን ምን ይመልሰዋል? በእኔ አስተያየት ከዕድሜው ይልቅ ጉልበቱ ያለፈበት ነገር ይበልጣል። በሰባ አምስት ዓመቱ ለቅየራ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ የተጎዳ፣ ግን ማንም ያልነካው ጉልበት ይዞ ይመጣል። በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የሚመጣው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አደጋ ወይም የስፖርት ጉዳት ያሳለፈ ነው፤ ጅማቱ ተጠግኗል፣ ሜኒስከሱ ወጥቷል፣ አንዳንዴም ስብራቱ በብረት ታስሯል። እያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ጉልበቱ እንዳይታጠፍ ያደርጋል፤ ከቅየራ በኋላ ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ ከሚተነብዩት ነገሮች ደግሞ ከቅየራው በፊት የነበረው መታጠፍ ቀዳሚው ነው። የቆየ ብረትና ደጋግሞ የተከፈተ ቆዳ ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። የላሉ ጅማቶች ደግሞ ሚዛኑን ያዛባሉ፤ ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ራሱን ችሎ አይቆምም፣ ቀጥ አድርገው የሚይዙት የጎን ጅማቶች ናቸውና።

ኢንፌክሽንን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ባክቴሪያ ብረቱ ላይ ከተቀመጠ ባዮፊልም የሚባል ቀጭን ሽፋን ሠርቶ በውስጡ ይደበቃል፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እየተዘዋወረ እንኳ ሽፋኑን ዘልቆ ሁሉንም ሊገድል አይችልም። የሚያጠቃው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ያህል ቢሆንም፣ ወንዶች፣ አጫሾች፣ ስኳራቸው ያልተስተካከለ፣ ክብደታቸው እጅግ የበዛና ጉልበታቸው ከዚህ ቀደም የተከፈተ ሰዎች ይበልጥ ይጠቃሉ። በወጣት ሕሙማን መካከል ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን በአንድነት የያዘ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር፣ በወጣቶች ላይ የተደረጉ የቀድሞ ጥናቶች ያሳዩትን ጥሩ ውጤት ለኦስቲዮአርትራይተስ ሕመምተኛ ቀጥታ መስጠት አለመቻሉ ነው። በ1970ዎቹና 1980ዎቹ በወጣትነታቸው ጉልበታቸው ከተቀየረላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያዎችን የሚያጠቃበት በሽታ) የነበረባቸው ነበሩ። ሌሎች መገጣጠሚያዎቻቸውም የታመሙ ስለነበሩ ብዙ አይንቀሳቀሱም፤ አዲሱን ጉልበትም አላስጨነቁትም። ኦስቲዮአርትራይተስ ያለበት የሃምሳ ዓመት ሰው ግን ከአንድ ጉልበቱ በቀር ሙሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙ ሲለቀው ወደ ሥራው፣ ወደ ተራራው፣ ወደ ከባድ ሸክሙ ይመለሳል።

የቁሳቁስ መሐንዲስ

ከላይ የተባለውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሜካኒካሉ ጉዳይ ተዘግቷል የሚል ስሜት እንዳይፈጠር እሰጋለሁ። መላላት ራሱ በከፊል የጭነት ውጤት ነው። በውስጣቸው የኃይል መለኪያ በተገጠመላቸው መገጣጠሚያዎች እንደታየው፣ በደልዳላ ቦታ መራመድ ብቻ በጉልበት ላይ ከሰውነት ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይጭናል፤ ደረጃ መውረድ ደግሞ ወደ ሦስት ተኩል እጥፍ ያደርሰዋል። መገጣጠሚያ የተቀየረለት ሰው በአንድ እግሩ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ እርምጃ ይራመዳል፤ በ1998 የታተመ የእርምጃ ቆጠራ ከስልሳ ዓመት በታች ያሉት ከዚያ በላይ ካሉት 30 በመቶ ያህል ይበልጥ እንደሚራመዱ አሳይቷል።

አብዛኛው የጉልበት ቅየራ የሚታሰረው በአጥንት ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው እንደ ሙጫ አይለጥፍም፤ በስፖንጅማው አጥንት ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ በመቆለፍ ነው የሚይዘው። አጥንት ሕይወት ያለው፣ በየጊዜው የሚታደስ ነገር ነው፤ ሲሚንቶው ግን አይታደስም። በቅልጥሙ ብረት ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚያርፈው ጭነት፣ በተለይ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካዘነበለ፣ አንዱን ጎን ሲጫን ሌላውን ለማንሣት ይሞክራል። ይህ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ቁልፉ ይላላል። ለዚህም ነው ክብደታቸው በጣም በበዛ ሰዎች ላይ ቀድሞ የሚላቀቀው የቅልጥሙ ክፍል የሚሆነው።

የፕላስቲክ ብናኝም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም። ብናኙን ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ሊፈጩት ስለማይችሉ ግን የብግነት ምልክት ይለቃሉ፤ ያ ምልክት አጥንት የሚበሉትን ኦስቲዮክላስቶች ይቀሰቅሳል፤ በብረቱ ዙሪያ ያለው አጥንትም እየተሸረሸረ ይሄዳል። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ በጥብቅ የተሳሰሩበት አዲሱ ፖሊኢትሊን ይህን በእጅጉ ቀንሶታል፤ የአውስትራሊያ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብም በዚህ ፕላስቲክ የተሠሩ ጉልበቶች ዳግም የሚቀየሩበት መጠን ዝቅ ያለ መሆኑን ያሳያል። ያለ ሲሚንቶ አጥንቱ ራሱ ወደ ብረቱ ቀዳዳ እንዲያድግ የሚደረግበት ዘዴ የተመለሰውም በተለይ ጠንካራ አጥንት ያላቸውን ወጣቶች በማሰብ ነው። ጠያቂውን ብሆን ከሐኪሙ ጋር ስነጋገር የፕላስቲኩን ዓይነትና የአያያዙን ዘዴ እጠይቅ ነበር።

ቁጥር አጥኚ

በሙያዬ የሕክምና መረጃ እተነትናለሁ። ውይይቱ ከመቀጠሉ በፊት «መክሸፍ» የሚለው ነገር እንዴት እንደሚለካ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም የወጣቶችና የሽማግሌዎች ልዩነት ከፊሉ ከአለካኩ የሚመጣ ነው።

የመገጣጠሚያ መዝገቦች፣ ከ1975 ጀምሮ ከሚሠራው የስዊድን የጉልበት መዝገብ አንሥቶ፣ ክሽፈት ብለው የሚቆጥሩት ዳግም ቅየራን ነው። አንድ ጉልበት እያመመ ሳይቀየር ከቀረ በመዝገቡ ላይ እንደ ስኬት ይቆያል። አሁን ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንዱ የሰማንያ ሁለት ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ልባቸውም ደካማ ነው። ሌላው የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ሁለቱም እኩል ያማቸዋል፤ ሁለቱም መገጣጠሚያቸው በትንሹ ላልቷል። አዛውንቱ «በመድኃኒትና በከዘራ ይቆዩ» ይባላሉ፤ ሌላው ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል። መዝገቡ የኋለኛውን ብቻ እንደ ክሽፈት ይይዛል። በዚህ ላይ ሞት አለ፤ በሰማንያ ዓመቱ የተቀየረለት ሰው መገጣጠሚያው ከመክሸፉ በፊት ሊሞት ይችላል፤ የሃምሳ ዓመቱ ሰው ግን ለመክሸፍ የሚያስችል ረጅም ጊዜ አለው።

ይህን ካልኩ በኋላ ልዩነቱ በሙሉ የአለካክ ነው እያልኩ አይደለም። አጥንት ሐኪም በጠቀሱት የ2017 ጥናት፣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆነው የተቀየረላቸው ሰዎች በቀሪ ሕይወታቸው ዳግም ቅየራ የሚያስፈልጋቸው 5 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የተቀየረላቸው ወንዶች ግን 35 በመቶ ደርሰዋል፤ በዚያው ዕድሜ ያሉ ሴቶች ደግሞ ወደ 20 በመቶ። የወንዶቹና የሴቶቹ ርቀት በዕድሜ ብቻ ሊብራራ አይችልም፤ ዕድሜያቸው አንድ ነውና። ወንዶች በኢንፌክሽን ይበልጥ መጠቃታቸውና የሚሸከሙት ጭነት ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው።

ብዙ ሰው ግራ የሚያጋባው ሌላ ቁጥርም አለ። በ2019 በዚያው መጽሔት የወጣ የመዝገቦች ጥናት ከሙሉ የጉልበት ቅየራዎች 82 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ገምቷል። ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ 35 በመቶው ከየት መጣ?» ሊል ይችላል። የ82 በመቶው ቁጥር የሁሉም ዕድሜ አማካይ ነው፤ ጉልበታቸው ከሚቀየርላቸው ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ደግሞ ከስልሳ አምስት በላይ ናቸው። የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ራሱን በዚያ አማካይ ውስጥ ቢያስገባ ዕድሉን ከእውነታው በላይ ያሳምረዋል።

ፊዚዮቴራፒስት

መዝገብ የማይቆጥረውን ክሽፈት እኔ በየዕለቱ አየዋለሁ። ራጁ ላይ ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ አልላላም፣ አልመረቀዘም፤ ሰውየው ግን ያመዋል፣ ቅር ብሎታልም። ከተቀየረላቸው አምስት ሰዎች አንዱ ያህል በውጤቱ አይረካም፤ ይህ ቁጥር በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ተደጋግሞ የታየ ነው።

ከቅየራው በፊት ልም አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ፣ አጥንት ከአጥንት ጋር ሳይገናኝ የተቀየረለት ሰው፣ ጉልበቱ ፈጽሞ ከተበላሸበት ሰው ይልቅ ያለመርካት ዕድሉ የሰፋ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ራጁ ላይ ትንሽ ጉዳት ታይቶ ሕመሙ ግን ከባድ ከሆነ፣ ከሕመሙ የተወሰነው ከመገጣጠሚያው ውጭ ሊመጣ ይችላል፤ ከዳሌ ሊሆን ይችላል፣ ከጀርባ ሊሆን ይችላል፣ ለብዙ ዓመታት ሕመም ሲቀበል የኖረው የነርቭ ሥርዓት ራሱ ከልክ በላይ ስሱ ሆኖ ሊሆንም ይችላል። ብረት መግባቱ እነዚህን አይነካቸውም። ወጣቶች በዚህ ቡድን ውስጥ የሚበዙት ሥራና ቤተሰብ ስለሚያስቸኩላቸው ቀደም ብለው ወደ ቀዶ ሕክምና ስለሚሄዱ ይመስለኛል። የሚጠብቁትም ከፍ ያለ ነው። የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ያለ ሕመም ጓሮዋ ድረስ ከሄደች ደስ ይላታል፤ የሃምሳ ዓመት ሰው ግን መንበርከክና መሮጥ ይፈልጋል፤ በተቀየረ ጉልበት መንበርከክ ደግሞ ለብዙዎች እስከ መጨረሻው የማይመች ነገር ነው።

ምክንያቱ ላልታወቀ ሕመም ተብሎ የሚደረግ ዳግም ቅየራ ውጤቱ ደካማ መሆኑን ሐኪሞቹም ያውቃሉ። ሆኖም ወጣቱ ሕመምተኛ ደጋግሞ ይመጣል፣ ይማጸናል፤ በመጨረሻ አንድ ሰው እሺ ይለዋል።

ሁለተኛ ቅየራ

እኔ ጉልበቴ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ተቀይሮልኝ በኋላ በኢንፌክሽን ምክንያት ዳግም የተቀየረልኝ ሰው ነኝ። ስለ መጀመሪያው ቅየራ ብዙ ይነገራል፤ ሁለተኛው ምን እንደሚመስል ግን አስቀድሞ የሚያስረዳ ሰው አላገኘሁም። እብጠቱና ሙቀቱ ቀስ ብለው ነበር የመጡት፤ ትኩሳት አልነበረኝም፤ ለረጅም ጊዜም «ቁስሉ እየዳነ ነው» ተባልኩ። ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ተወስዶ ሲመረመር ባክቴሪያው ተገኘ። ብረቱ በሙሉ ወጣ፤ በቦታው አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ተቀመጠ፤ ለሳምንታት መድኃኒት ከወሰድኩ በኋላ ሌላ መገጣጠሚያ ገባ። ብረቱ ሲነሣ አጥንትም አብሮ ስለሄደ አዲሱ ወደ አጥንቱ መቅኔ የሚዘልቅ ረጅም ዘንግ አለው። ዛሬ እራመዳለሁ፤ ግን የመጀመሪያው ጉልበት ይታጠፍ የነበረውን ያህል አይታጠፍም።

ጠያቂውን ላስፈራራ ፈልጌ አይደለም። ከቅየራ በኋላ እየባሰ የሚሄድ እብጠት ወይም ከሳምንታት በኋላ የሚፈስ ቁስል ካዩ ግን ፈሳሹ እንዲመረመር ይጠይቁ።

አጥንት ሐኪም

«ሁለተኛ ቅየራ» የተባሉት አባል ያሉትን የወጣት ሕሙማን ዋና ጉዳይ አድርጌ ነው የማየው። የመጀመሪያው ቅየራ መክሸፉ ብቻውን ያን ያህል ባላስጨነቀ ነበር፤ የሚያስጨንቀው የሚከተለው ሰንሰለት ነው። ከብሪታንያ መዝገብ የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ዳግም የተቀየረ ጉልበት ከመጀመሪያው ይልቅ ቶሎ ይከሽፋል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይቀድማል። በየጊዜው አጥንት ይቀንሳል፣ ጅማት ይዳከማል፣ መገጣጠሚያውም ይበልጥ ግትርና እንደ ማጠፊያ የተያያዘ ዓይነት እየሆነ ይሄዳል። በሰባ ዓመቱ የጀመረ ሰው ከዚህ ሰንሰለት አንድ እርከን እንኳ ላያይ ይችላል፤ በአርባ አምስት የጀመረ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሊያይ ይችላል።

የቀኝ ጉልበት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ በሮቦት የሚደረግ ቅየራ ይህን ሁሉ ይቀንሳል የሚል ማስታወቂያ አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ከመጠበቅና ሙሉውን ከመቀየር ሌላ መካከለኛ መንገድ አለ ወይ?

አጥንት ሐኪም

ሮቦቱ አጥንቱን ሐኪሙ ካቀደው ማዕዘን ሳይርቅ ለመቁረጥ ይረዳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በራጅ ላይ ቀጥ ያለ መሆንና ረጅም ዕድሜ መቆየት አንድ አይደሉም። በ2010 የታተመ የ15 ዓመት ክትትል፣ ከቀጥታው መስመር በሦስት ዲግሪ ውስጥ የዋሉ ጉልበቶች ከወጡት ይልቅ ብዙ ዓመት እንዳልቆዩ አሳይቷል። ኢንፌክሽንን፣ የቆየ ጠባሳንና ከዳሌ የሚመጣ ሕመምን ሮቦት አይፈታቸውም። በማስታወቂያ ከመመራት የቀዶ ሐኪሙ ልምድ ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ይጠቅማል፤ በዓመት ብዙ ጉልበት የሚቀይሩ ሐኪሞች የተሻለ ውጤት እንደሚያገኙ ደጋግሞ ታይቷል።

መካከለኛ መንገድ አለ፤ የሚወሰነው ግን ጉዳቱ በየትኛው የጉልበት ክፍል እንዳለ ነው። ጉዳቱ በውስጠኛው ጎን ብቻ ከሆነና እግሩ ወደ ውጭ ከቀሰተ፣ የቅልጥሙን አጥንት ከላይ በኩል ቆርጦ በማቃናት ጭነቱን ወደ ጤነኛው ጎን ማዛወር ይቻላል። ይህ ቀዶ ሕክምና ለተንቀሳቃሽ ወጣቶች የሚስማማ ነው፤ አብዛኞቹ ሙሉ ቅየራ ሳያስፈልጋቸው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። በሌላ በኩል የኋለኛውን ቅየራ በቴክኒክ ያከብደዋል፤ ማገገሙም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሁለተኛው በከፊል መቀየር ነው፤ የተጎዳው ጎን ብቻ ይቀየርና መስቀለኛ ጅማቶቹ ይተዋሉ። ኢንፌክሽኑ ያንሳል፣ ማገገሙ ይፈጥናል፣ እንቅስቃሴውም ለተፈጥሮ ጉልበት ይቀርባል። ዳግም የመቀየር ዕድሉ ግን ከሙሉው ይበልጣል፤ ቁጥር አጥኚ በጠቀሱት የ2019 ጥናት 25 ዓመት የሚቆዩት ወደ 70 በመቶ ናቸው። ከዚህም ውስጥ ከፊሉ፣ በከፊል የተቀየረን ጉልበት ወደ ሙሉ መለወጥ ቀላል ስለሆነ ሐኪሞች ፈጥነው የሚወስኑት ነው። በእርስዎ ጉዳይ የተተከለው የፊት መስቀለኛ ጅማት አሁንም ጥብቅ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ከላላ በከፊል መቀየሩ ለብዙ ሰው አይመከርም።

ፊዚዮቴራፒስት

መጠበቅ ማለት ዝም ብሎ መታመም እንዳይሆን። የጭን ፊት ጡንቻን ማጠንከር ሕመምን ይቀንሳል፤ ቀዶ ሕክምናው ከመጣም ሰውየው ጠንክሮ ይገባል። ከቅየራ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ይህ ጡንቻ ከግማሽ በላይ አቅሙን ያጣልና፣ ደክሞ የገባ ሰው ይበልጥ ደክሞ ይወጣል። ክብደትን በተመለከተ፣ በ2005 የታተመ ጥናት አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጭነት እንደሚያነሣ አሳይቷል።

በዚያው ልክ «ስልሳን ይሻገሩ» የሚለውን ምክር እንደ ሕግ አላየውም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ለአሥር ዓመት ተሸክሞ ሥራ ማጣት፣ ጡንቻው መሟሸሹና ጉልበቱ መታጠፍ ማቆሙ የራሳቸው ጉዳት አላቸው። አጥንት ሐኪም እንዳሉት፣ ያልታጠፈ ጉልበት ከቅየራም በኋላ በቀላሉ አይታጠፍም።

የቁሳቁስ መሐንዲስ

ስለ እንቅስቃሴ አንድ ማስተካከያ ላክል፤ የቀደመው መልእክቴ «ይቀመጡ» የሚል እንዳይመስል። በጣም የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ቶሎ ይከሽፍባቸዋል ወይ የሚለው ላይ ጥናቶቹ አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ ልዩነት አግኝተዋል፣ ሌሎቹ አላገኙም። መራመድ፣ ብስክሌትና ዋና ማንም አይከለክልም። ብዙ ሐኪሞች የሚመክሩት ዝላይና ረጅም ሩጫ እንዲቀር ነው።

የቀኝ ጉልበት

የመጨረሻ ጥያቄዬ ነው። ጅማቴ ሲተከል የገቡት ብሎኖች አሁንም አጥንቴ ውስጥ አሉ። ወደ ቅየራ ብሄድ እነሱ ምን ይሆናሉ? ባለፈው ወር ደግሞ ጉልበቴ ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ ተወግቻለሁ።

አጥንት ሐኪም

በመርፌው ልጀምር። ከቅየራ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ የተወጋ ስቴሮይድ የኢንፌክሽንን ዕድል ስለሚጨምር፣ ቀዶ ሕክምናውን ቢያንስ ለሦስት ወር ማዘግየት የተለመደ ጥንቃቄ ነው፤ መርፌ መወጋትዎን ለቀዶ ሐኪሙ ሳይረሱ ይንገሩ።

ብሎኖቹን በተመለከተ፣ በቅልጥሙ ውስጥ ያለው ብሎን የአዲሱ ብረት ዘንግ የሚገባበት መንገድ ላይ ከቆመ መውጣት አለበት፤ ካልቆመ ብዙ ጊዜ በቦታው ይተዋል። የሚወጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀዶ ሕክምና ይወጣል። ነገር ግን ቁስሉ ከዚህ በፊት መርቅዞ ከነበረ፣ ወይም ሲአርፒ የሚባለው የብግነት የደም ምርመራ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ብሎኑ ቀድሞ ወጥቶ ናሙናው ለባክቴሪያ ይመረመራል፤ ቅየራው የሚደረገውም ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው። ራጁ ቆመው የተነሡት መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ተኝተው የተነሡት ራጅ በአጥንቶቹ መካከል ክፍተት ያለ ሊያስመስል ይችላል። ዳሌዎም አብሮ ይታይ። የቀድሞውን ቀዶ ሕክምና ሪፖርት ማግኘት ከቻሉ ይዘው ይሂዱ፤ ብሎኑ ብረት ይሁን በጊዜ የሚሟሟ ዓይነት፣ ለማውጣትስ የትኛው መፍቻ እንደሚያስፈልግ ከዚያ ይታወቃል።